ግራው ይመጣል

ጫማ ሰሪው ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ስለዚህ ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታ ኢኮኖሚክስ የሚባል ትምህርት ስትጀምር ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቃት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቃት። ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው አይደለም።

«ሰው ያለውን ጥቂት ነገር ለብዙ ፍላጎቱ እንዴት እንደሚያዳርስ የሚያጠና ትምህርት ነው፣ አባዬ» አለችው።

«ይሄማ የእናትሽ ሥራ ነው» አለና ወደ መዶሻው ተመለሰ።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው። በሩ መንገድ ላይ ይከፈታል። ሦስት ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎች፣ ሦስት በርጩማዎችና አንድ የስፌት መኪና አሉበት። ግድግዳው ላይ ፎርማ የሚባሉት የእንጨት እግሮች በየቁጥራቸው ተሰቅለዋል፤ ቀኙ ከላይ፣ ግራው ከታች። ማስቲሽ ስለሚሸት በሩ በዝናብም አይዘጋም።

ሦስት ሰው ይሠራበታል። አንዱ ራሱ ጫማ ሰሪው ነው። ሁለተኛው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል። ሦስተኛዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታንጠለጥል፣ ስፌቷ አንድ ክር ከዘመመ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴትዮ ናት። ባለመነጽሯ ይሏታል።

ቤቱ ደንብ አለው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጫማ ከቆዳ መቁረጥ እስከ ቀለም መቀባት ብቻውን ይጨርሳል። ደግሞም ቀኙ እግር ሳያልቅ ግራው አይቆረጥም። ይህን ጫማ ሰሪው ሥራውን ካስተማሩት ሽማግሌ ነው የወረሰው። ቆዳ እንደ ሰው ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ሲወጠር ነው። ስለዚህ ቀኙን ጨርሰህ ጠረጴዛህ ላይ ታስቀምጣለህ፤ እሱን እያየህ የንድፉን ካርቶን ገልብጠህ ግራውን ትቆርጣለህ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ተሠራ።

ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቆዳ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። ስታጠና ጮክ ብላ ነው።

«የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ፣ እሱን ስትመርጥ የተውከው ሌላው ነገር ነው» ብላ አነበበች አንድ ቀን።

«እውነት ነው» አለ ሬዲዮ። «እኔ ሚስቴን ስመርጥ የተውኳት ልጅ ዛሬ ፎቅ አላት።»

«አንተን ብትወስድ ኖሮ ፎቁን ታገኘው ነበር?» አለች ባለመነጽሯ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

ጫማ ሰሪው አልሳቀም። እሱ ሲስቅ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ልጅቱ ብርጭቆ ልታጥብ ስትወጣ ግን መጽሐፉን ሳብ አድርጎ ሁለት ገጽ አነበበ። የአውራ ጣቱን የማስቲሽ ምልክት ገጹ ላይ ትቶ መለሰው። ልጅቱ ምልክቱን አየች። ምንም አላለችም። በዚህ አባቷን ትመስላለች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት መጣ። ተማሪው ለመጨረሻው ዓመት ወይ ኢኮኖሚክስ ወይ ኬሚስትሪ ይመርጣል፤ ወላጅ ይፈርምበታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ይመለሳል።

«ኬሚስትሪ» አለ ጫማ ሰሪው።

«አባዬ እኔኮ...»

«የጎረቤታችን ልጅ ኬሚስትሪ ተማረች። ዛሬ ነጭ ጋወን ለብሳ መድኃኒት ቤት ቆማለች። ሰው ተሰልፎ ነው የሚሰማት።» ጥቁር ቀለም ጥፍሩ ውስጥ ካደረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነጭ ይወዳል። «ያንቺው ትምህርት ምን ይላል? ዝናብ ሲመጣ ቦት ጫማ ይወደዳል ይላል። ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ዝናቡ ይበቃል።»

«መጽሐፉን አንብበኸዋል ማለት ነው» አለች ልጅቱ።

ጫማ ሰሪው መዶሻውን አነሳ።

ቅዳሜ ጠዋት የእሳት አደጋ ሠራተኞች የማርሽ ባንድ አለቃ ሱቁ ገባ። ጥሩምባ ሲነፋ ኖሮ ጉንጩ እንደተነፋ የቀረ ሰውዬ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሱ ጣቢያቸው ይመረቃል፤ ባንዱ በዋናው መንገድ ይሰለፋል፤ ጫማ ሊሠራላቸው የነበረው ሰው ደግሞ ታሞ ተኝቷል። አሥራ አራት ሰው፣ አሥራ አራት ጥንድ ጥቁር ጫማ። የእግራቸው ቁጥር ዝርዝር በእጁ ነው።

ጫማ ሰሪው በልቡ አሰላ። ሦስቱም ተረባርበው በቀን ሁለት ጥንድ ያወጣሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ቀን፣ አሥር ጥንድ።

«አይደርስም» አለ።

«ይደርሳል» አለ ከቆዳው ጥቅል ላይ አንድ ድምፅ። ሁሉም ዞሩ።

ልጅቱ ቆማለች። መጽሐፏን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። «ሥራው ከተከፋፈለ ይደርሳል። አንዱ ይቁረጥ፣ አንዱ ይስፋ፣ አንዱ ፎርማ ላይ ይወጥርና ሶል ይምታ። እጃችሁ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚባክነው ጊዜ ይተርፋል። ሐሙስ ማታ ያልቃል።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለ ሬዲዮ። «ይህችን ለማለት ነው መጽሐፉ እንደዚህ የወፈረው?»

የባንዱ አለቃ ሰዓቱን አየ። ጫማ ሰሪው ልጁን አየ። ብዙ ጊዜ ወስዶ አያት። እንዲህ ስትቆም አይቷት አያውቅም።

«ሐሙስ ማታ ካለቀ ኢኮኖሚክስ ብዬ እፈርማለሁ» አላት። «ካላለቀ ኬሚስትሪ። ቃል ቃል ነው።»

«ቃል ቃል ነው» አለች።

«ዓርብ ማታ መጥታችሁ ውሰዱ» አለው ለባንዱ አለቃ።

እሑድ ልጅቱ ትልቅ ወረቀት ላይ ሦስት ሳጥን ሣለች። መቁረጥ፣ ሬዲዮ። መስፋት፣ ባለመነጽሯ። መወጠርና ሶል፣ አባዬ። በሦስቱም ሥር ሃያ ስምንት እግር ብላ ጻፈች። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ቀስት አሠመረች። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በሚስማር መታችው።

«ስሜ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ይህ የመጀመሪያው ነው» አለ ሬዲዮ። «ዘመዶቼ እንዳያዩት ብቻ፤ ተፈላጊ ነው ብለው ያለቅሳሉ።»

ሰኞ ሥራው ሮጠ። ሬዲዮ ስለ አንድ ምላጩ ስለጠፋበት ፀጉር አስተካካይ እያወራ ይቆርጣል፤ ባለመነጽሯ ከእጁ እየነጠቀች ትሰፋለች። መኪናዋ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጣጣል። ጫማ ሰሪው በበኩሉ የአሥራ አራቱን ጥንድ ሶልና ታኮ ያዘጋጃል። ማክሰኞ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትደርስ ሃያ ስምንቱም ተሰፍተው ተከምረዋል። በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው፤ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ዘለለች።

ያን ዕለት ማታ ጫማ ሰሪው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ሆነሃል?»

«ምን ሆንኩ?»

«ታፏጫለህ።»

«ንፋስ ነው» አለ።

ረቡዕ ጠዋት የመጀመሪያውን አነሳ። አርባ ቁጥር ነው። ጠርዙን አራሰ፣ በቀኙ ፎርማ ላይ ወጠረ፣ በሚስማር ያዘ። እንደ ቆዳ ሳይሆን እንደ ገላ ተቀመጠለት። ከዚያ እጁ ራሱ ወደ ታችኛው ረድፍ ሄደና የግራውን ፎርማ አወረደ። ሁለተኛውን አጠለቀበት። ቆዳው እንደተቆጣ ሰው አፍ ተጣመመ። ፈታው። እንደገና ሞከረ። ሦስተኛውን አነሳ። አራተኛውን አነሳ።

ከዚያ ተነሥቶ ሃያ ስምንቱንም ወለሉ ላይ ደረደራቸው። ሃያ ስምንቱም አፍንጫቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረዋል። ሁሉም ቀኝ ናቸው።

ሬዲዮ ቃል አፉ ውስጥ እንዳለ ቆመ። በሃያ ዓመት ውስጥ ጣቢያው ሲቋረጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ልጅቱ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ሦስቱም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ።

«ነይ እይልኝ» አለ ሬዲዮ። «ባንዱ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሊሰለፍ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ባለመነጽሯ። መነጽሯን አውልቃ ትጠርጋለች፤ ጥፋቱ የመስታወቱ ይመስል።

ልጅቱ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣችና አባቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «ኬሚስትሪ ብለህ ፈርም» አለች። «ስህተቱ የኔ ነው።»

ጫማ ሰሪው ወረቀቱን አልነካውም። «ስህተቱ የት ነው?» አላት። «የማን ነው አላልኩም። የት ነው?»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ወለሉ ላይ፣ በቆዳዎቹ መካከል ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ ስትቆርጥ ፊትህ ምን ነበር? ካርቶኑን እንድትገለብጥ የሚያደርግህ ምንድነው?»

ሬዲዮ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ አየ። «ያለቀ ቀኝ ነዋ!» አለ። «ያለቀ ቀኝ ጠረጴዛዬ ላይ ካልተቀመጠ እጄ ካርቶን አይገለብጥም። የቆረጥኩትን ሁሉ እሷ እየነጠቀች ወሰደችው። እኔ ቀኙ እስኪያልቅ ብዬ ቀኝ ቆረጥኩ።»

«እትዬ፣ አንቺስ ምን አየሽ?»

«ቀኝ አየሁ። ዕውር ነኝ እንዴ? ግራው ይመጣል ብዬ ነው።»

ልጅቱ አባቷን አየችው። እሱን ግን አልጠየቀችውም። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

«እኔም አይቻለሁ» አለ። «ሰኞ ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞ አንድ ጊዜ በጠረጴዛው አጠገብ አልፌያለሁ። ግራው ይመጣል አልኩ።»

ሬዲዮ ጉልበቱን መታ። «ሦስት ጫማ ሰሪ! ስድስት ዓይን! ከመነጽሩ ጋር ስምንት! ሁላችንም ግራውን እንደ ዘመድ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ!»

ባለመነጽሯ ቀድማ ፈነዳች። ልጅቱ እንባዋ ሳይደርቅ ተከተለች። ከዚያ ከወዲያ ጥግ አንድ ድምፅ መጣ፤ ዘይት ካየ የቆየ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት። ጫማ ሰሪው እየሳቀ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ወደ ውስጥ አየ።

ሳቁ ሲበርድ ልጅቱ ተነሣች። «ድሮ ጥንዱን እያንዳንዳችሁ በእጃችሁ ትይዙት ነበር» አለች። «ሥራውን ስከፋፍለው ጥንዱ ማንም እጅ ላይ አልቀረም። ለሱ ሰው አልመደብኩለትም።»

«ይሄ መጽሐፉ ላይ አለ?» አለ አባቷ።

«እስካሁን አላየሁትም።»

«እንግዲያው ወረቀትሽ ላይ ጻፊው።»

አራተኛ ሳጥን ሣለች። «ጥንድ» ብላ ጻፈችበት።

«ሁሉም ጥሩ» አለ ሬዲዮ። «ቆዳውስ? ቆዳችን ወለሉ ላይ ያለው ነው። ነጋዴው እስከ ሰኞ አያመጣም።»

ጫማ ሰሪው በርጩማው ላይ ወጣ። ከቁም ሣጥኑ አናት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ሁሉም ያውቁታል። ከስምንት ዓመት በፊት ለራሱ ጫማ ብሎ የገዛው ሰፊ ጥቁር ቆዳ ነው፤ በያመቱ «ጊዜ ሲገኝ» እያለ መልሶ ያስቀምጠዋል። እግሩ ላይ ያለው ጫማ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ...»

«ስምንት ዓመት እዚያ ላይ ተኝቶ ምን ሠራ?» አለ፣ ጨርቁን እየፈታ። «መጽሐፍሽ ለዚህም ስም አለው አይደል?»

«አለው።»

«አትንገሪኝ።»

ዘዴው ተለወጠ። ጫማ ሰሪው አንድ ቀኝ ሲጨርስ ሬዲዮ አፍንጫ ፊት በሽቦ ይሰቀላል። ሬዲዮ ያየዋል፤ እጁ ካርቶኑን ይገለብጣል፤ ግራው ይቆረጣል። በጥንዱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንድም እግር ብቻውን አያልፍም። ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ትቀመጥበታለች። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ስላላት ሌላ ሰው አስፈለገ፤ ሐሙስ ጠዋት እናትየው መጥታ ተቀመጠች።

«ይሄ ያንቺ ሥራ ነው ብያት ነበር» አለ ጫማ ሰሪው።

«ሃያ ዓመት ቤት ውስጥ ስሠራው የት ነበርክ?» አለችና ሬዲዮ የወረወረላትን ግራ መልሳ ወረወረችለት። «አርባ አንድ ነው ያልኩህ፣ ይሄ አርባ ነው። እኔ ባንተ ወሬ አልታለልም፤ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ማታ የመንገዱ መብራት ሲበራ ዘጠኝ ጥንድ አልቋል። አምስት ቀርቷል። ልጅቱ ቤት ገብታ ወረቀቷ ላይ በእርሳስ «ኬሚስትሪ» ብላ በጥሩ ጽሕፈት ሞላች። የፊርማውን ቦታ ባዶ ትታ አባቷ የሻይ ብርጭቆ ሥር አስቀመጠችውና ተኛች።

ጠዋት ጫማ ሰሪው ወረቀቱን አነበበ። የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ እሱ ግን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ከጆሮው ላይ የቆዳ ምልክት ማድረጊያውን ነጭ እርሳስ አወረደ። ወረቀት ላይ እንደማይታይ ሲያውቅ አስቀመጠውና ከልጁ ቦርሳ እስክሪብቶ አወጣ። ቃሉን ሰረዘ። በትልልቅና በተንጋደዱ ፊደላት «ኢኮኖሚክስ» ብሎ ጻፈ። ፈረመ።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «ቃል ቃል ነው ብለህ አልነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ?»

«አራት ሰው ያዘገየውን ሥራ በአንድ ሰው አልፈርድም። ደግሞ...» እስክሪብቶውን ወደ ቦርሳዋ መለሰ።

«ደግሞ ምን?»

«ስትጠይቅ ብታያት ኖሮ። ማን አጠፋ አላለችም። ምን አያችሁ አለች። ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ልጅቱ ወረቀቱን አነበበች፤ ቦርሳዋን ሳትዘጋ ሮጠች። በሩ ጋ ስትደርስ ተመለሰች፤ አንገቱን አንቃ ያዘችው።

«ይረፍድብሻል» አላት።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ አራተኛው ጥንድ ቀለም ተቀባ። የባንዱ አለቃ መጣ። የራሱን ጫማ አጠለቀ፤ ወለሉን ረገጠ፤ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ግራው ለምንድነው ከቀኙ በልጦ የሚያበራው?»

ሁሉም ጫማ ሰሪውን አዩ። እሱ መልስ ሲፈልግ ሬዲዮ ቀደመው። «ጌታዬ፣ ሰልፍ የሚጀመረው በየትኛው እግር ነው?»

«በግራ።»

«ታዲያ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የትኛውን ነው?»

የባንዱ አለቃ ጉንጮቹን ነፋ። «ይህን ያህል አስባችሁበታል!» አለ።

ባለመነጽሯ ፊቷን ወደ መኪናዋ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቅዳሜ አምስቱም መንገድ ዳር ቆሙ። ጥሩምባው ጮኸ፤ ከበሮው ተመታ። ሰው ሁሉ የሙዚቀኞቹን ፊትና የሚያብረቀርቀውን ናስ ያያል፤ አምስቱ ግን መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት። አሥራ አራት ግራ እግር አንድ ላይ ተነሣ፣ ፀሐይ ያዘ፣ ወረደ። አሥራ አራት ቀኝ ተከተለ።

«ምን እያልክ ነው?» አለች ሚስቱ።

ጫማ ሰሪው ከንፈሩን ሰበሰበ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ሲል ነበር።

«ንፋስ ነው» አለ።

የተረፉት ቀኞች ሶልና ታኮ ገብቶላቸው በሱቁ ሽቦ ላይ ተሰቅለዋል። ግራቸው አንድ አንድ እያለ፣ ቆዳ በተገኘ ቁጥር ይሠራል። ደንበኛ ገብቶ «ይሄ ጥሩ ጫማ ነው፣ ግራውስ?» ሲል ሬዲዮ «ትምህርት ቤት ነው፣ ኢኮኖሚክስ ይማራል» ይለዋል።

የተረፉት አሥራ አራት ነበሩ። ሽቦው ላይ ያሉት ግን አሥራ ሦስት ናቸው። አርባ ሁለት ቁጥሩን ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ታች፣ ወደ ጫማ ሰሪው እግር ማየት አለበት። ግራውን ከዚያ ከስምንት ዓመቱ ቆዳ ቁራጭ የሠራችው ልጁ ናት፤ ካርቶኑን ራሷ ገልብጣ፣ ራሷ ቆርጣ። የመጀመሪያ ሥራዋ ስለሆነ ትንሽ ጠብቧል። ባለመነጽሯ ሲያነክስ አይታ «ይጠብሃል እንዴ?» ስትለው «ቆዳ ነው፤ ይለምዳል» ይላል።